የአይጠ መጎጥ ልጅ ከአይጥ ቤት

ባለፈው ቡና ላይ ቁጭ ብለን ወሬው ወደ ልጅ ማጣት ዞረ። እንደተለመደው ጣት ሁሉ ወደ ሴቷ ተቀሰረ። ወንዱ ይመርመር የሚል አንድም ሰው ጠፋ! አላስችል ብሎኝ የአንዱ እንስሳ ስፐርም በሌላው ቆለጥ ውስጥ የተመረተበትን የአይጦቹን ታሪክ ጀመርኩላቸው። ግማሹ ሳቀ፣ አንዷ ጓደኛዬ ግን "እና ልጁ የማን ነው?" ብላ ያዘችኝ።

ከሥሩ ልነሳ። ቆለጥ ውስጥ ስፐርም የሚመረትባቸው እንደ ክር የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ፤ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ደግሞ ስቴም ሴሎች ተቀምጠዋል። የእንጀራ እርሾ በሏቸው። ከፊሉ ስፐርም ወደመሆን ሲሄድ ከፊሉ ለነገ ይተርፋል፣ ወንድ እስከ እርጅናው ዘር የሚኖረውም በዚህ ነው። እርሾው ከሞተ ግን አለቀ። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒትና ጨረር ይሄን ሊያደርጉ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ራልፍ ብሪንስተርና ባልደረቦቹ የአንዱን አይጥ ስቴም ሴል ወስደው የራሱ ስፐርም በሌለው ሌላ አይጥ ቆለጥ ውስጥ ጨመሩት። ሴሎቹ ቦታቸውን ፈልገው አገኙ፣ ስፐርም ሠሩ፣ ግልገልም ተወለደ። በ1996 ደግሞ ከዚህ የባሰ መጣ፤ የአይጠ መጎጥ ሴል በአይጥ ውስጥ። (እኛ ሁለቱንም አይጥ ብለን ስለምናልፍ ቀላል ይመስላል እንጂ ዝርያቸው ለየቅል ነው።) ተቀባዮቹ እንግዳውን እንዳይገፉት በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ አይጦች ተመረጡ፣ የራሳቸው እርሾ ቡሱልፋን በሚባል የካንሰር መድኃኒት ተጠረገ፣ ከዚያ አይጡ የአይጠ መጎጥ ስፐርም ያመርት ጀመር።

እኔን የገረመኝ ግን ሰዓቱ ነው። አይጥ ስፐርም ለመሥራት 35 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፣ አይጠ መጎጥ 52 ገደማ። እንግዳው በባለቤቱ ሰዓት የሚሠራ ይመስላችኋል አይደል? በፍጹም። እዚያው አይጥ ቆለጥ ውስጥ ሆኖም የራሱን 52 ቀን ቆጥሮ ነው የሚጨርሰው። አከራዩ ቤትና ቀለብ ይሰጣል፣ ሰዓት አያስቀይርም።

የጓደኛዬ ጥያቄ ደግሞ በ2006 ጃፓን ውስጥ ተመለሰ። አይጥ ውስጥ የተመረተውን ዘር ወደ አይጠ መጎጥ እንቁላል አስገቡት፣ የተወለዱትም ያለቀላቸው አይጠ መጎጦች ናቸው። በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች ይባላል፤ እነዚህ ግን እንደሷ የሚሸሹት ነገር የለም፣ ቢጠየቁ አይጡን "አከራያችን ነበር" ይሉ ነበር።

ጃፓኖቹ ዓሣም ላይ ሞክረውታል። በ2007 መካን የሆኑ ሳልሞን የሚባሉ ዓሦች ትራውት ከሚባል ሌላ ዓሣ ሴል ተሰጥቷቸው ትራውት ወለዱ፤ የሚገርመው ከወንድ የተወሰደው ሴል ሴቷ ውስጥ ሲገባ እንቁላል ሆነ!

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይቆማል። በ2002 የሰው ሴል አይጥ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ቦታ ይዞ እስከ 6 ወር ኖረ፣ ስፐርም ግን አልሠራም። የዝንጀሮም እንዲሁ። ዝምድናው ሲርቅ ቤቱና እንግዳው አይግባቡም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብዙም አልከፋኝም፤ ከአይጥ ጋር የአይጥ ቫይረስ ቢከተልስ?

ታዲያ ለምን ተደከመ? ካንሰር ለያዛቸው ትንንሽ ወንድ ልጆች ነው። አዋቂ ከሕክምናው በፊት ስፐርሙን ያስቀምጣል፤ ልጅ ግን ገና ስፐርም የለውም። ስለዚህ ከቆለጡ ቁራጭ ተወስዶ በኃይለኛ ቅዝቃዜ ይቀመጥለታል። ሲያድግ መመለሱ ደግሞ የራሱ ስጋት አለው፣ የካንሰር ሴል አብሮ ሊመለስ ይችላል፤ በአይጠ መጎጥ ላይ ሲሞከር 20 የደም ካንሰር ሴሎች ብቻ አብረው ገብተው በሽታውን አስተላልፈዋል። ሃያ! ለዚህ ነው ሌላ እንስሳ መሸጋገሪያ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ የመጣው። እሱ ባይሳካም አይጡ ለሌላ ነገር በጀ፦ የተቀመጠው ሴል በሕይወት መኖሩን ይመረምሩበታል።

በ2022 የወጣው ውጤት ይሄንኑ የሚመለከት ነው። ከ23 ዓመት በላይ በኃይለኛ ቅዝቃዜ የቆየ የአይጠ መጎጥ ሴል አይጥ ውስጥ ገብቶ ስፐርም ሠራ፣ ምርቱ ከትኩሱ ቢያንስም። በ8 ዓመቱ የተቀመጠለት ልጅ ያኔ 31 ይሞላዋል፤ ቤተሰብ "መቼ ነው የምታገባው?" እያለ የሚጨቀጭቅበት ዕድሜ።

ጓደኛዬ ግን አሁንም ስታገኘኝ የምትጠይቀው ስለ አከራዩ ነው። "ኪራዩ ተከፈለው?"