ዊንዶውሱን ሳልነቅል ሊኑክስ የጫንኩባት ላፕቶፕ

ቤታችን ያለችው ላፕቶፕ አንድ ናት፤ ጌቶቿ ግን ሁለት ነን። እኔ እጽፍባታለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ኮምቦልቻ ያሉ የሁለት ሱቆችን ሂሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ትሠራባታለች። ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ስንት ጊዜው፤ ደሴ ላይ ግን ሴጅ ብትል ማን ይሰማሃል። ያለ ዊንዶውስ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ሊኑክስን፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያሠራውን ሌላ ሲስተም፣ ልሞክር ስል ዊንዶውስን ነቅሎ መጣል የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ያነሳሳኝ የዊንዶውስ 10 ነገር ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኛዋን አይቀበላትም፤ እሱ የሚፈልገው ኢንቴል ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ እሷ ኮር አይ5 ሆና 5ኛ ትውልድ ናት። ራሟም 4 ጊጋ ብቻ። ለዚህ አቅም ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት፣ ያውም ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነት ይስማማል ብዬ ያዝኩ።

የሚንትን መጫኛ ፋይል በሌሊት ጥቅል አወረድኩት፤ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። ኔትወርኩ መሀል ላይ ሁለቴ ተቆርጦ ቀጥሏል። ጠዋት «ጨርሻለሁ» ቢለኝም ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን የማረጋገጫ ቁጥር ከድረ ገጹ ካለው ጋር ሳመሳክረው አልገጠመም። ደግሜ አወረድኩ። ያን ቁጥር ሳላይ ብጭን ኖሮ ችግሩን ስንት ቀን ከላፕቶፑ ስፈልግ እከርም ነበር።

ባለቤቴ በበኩሏ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። «ሂሳቤን ገልብጠሃል?» አዎ አልኳት፣ ሁለት ፍላሽ ላይ። «ከፍተህ አይተኸዋል?» አላየሁም። ስንከፍተው የአንደኛው ፍላሽ ባክአፕ ተበላሽቷል፣ ፒችትሪ አልቀበልም አለው። ሦስተኛ ቅጂ ተሠራ፣ እሱም በእሷ ፊት ተከፍቶ ታየ።

ለሊኑክስ ቦታ የማስለቀቁ ሥራ ከጠበቅኩት በላይ አደከመኝ። የዲስኩን ክፍል መቀነስ ያለበት ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ የራሱን ዕቃ የት የት እንዳስቀመጠ የሚያውቀው እሱ ነውና። ታዲያ 210 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ «መቀነስ የምትችለው 9 ጊጋ ነው» አለኝ። መንገድ ሊሰፋ ሲል አልነሳም ብሎ መሀል ላይ የቀረ ቤት እንዳለ ሁሉ፣ ዊንዶውስም ከቦታቸው የማያነሳቸው ፋይሎች አሉት፤ የእንቅልፍ ፋይሉ፣ ራም ሲሞላ የሚጠቀምበት ፋይልና ሲስተሙን ወደ ኋላ መመለሻው። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፍቼ ማሽኑን ባስነሳው 118 ጊጋ ፈቀደልኝ። 100 ወሰድኩ። በዚያው «ፈጣን ማስነሻ» የሚሉትንም አጠፋሁ። እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ ዘጋሁ እያለ ግማሽ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው፤ ሊኑክስ ደግሞ እንዲህ ያለውን ክፍል ለንባብ ብቻ ነው የሚከፍተው።

የላፕቶፗ ባትሪ አሥር ደቂቃ አይሞላም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቶሎ ደግሞ አይሄድም በሚል የኔ ቢጤ ሳይንስ፣ አንድ እሑድ መብራት እንደመጣ የሚንት መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ጀመርኩ። ቡናው እየተቆላ ነበር።

የጭነት ፕሮግራሙ ወሳኙ ገጽ ላይ ሲደርስ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚል ምርጫ ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም። «ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ ጫን» የሚለው ግን ከላይ ተመርጦ፣ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍም ከታች በርቶ ጠበቀኝ። «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሲስተም አልተገኘም» ይላል። ባለቤቴ ረከቦቱ ጋ ሆና ፊቴን እያየች «ምን አለ?» አለች። አብሽሪ አልኳት፤ እኔ ግን እጄን ከማውሱ ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አሳርፌያለሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ማሽኑን አጥፍቼ የማስነሻ ዝርዝሩን ሳየው ነው። ያው አንዱ የመጫኛ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንዱ እንዲሁ በስሙ፣ ሌላው ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ቃል ይዞ። ዊንዶውሱ የሚነሳው በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም በአዲሱ የማስነሻ መንገድ ነው፣ እኔ ፍላሹን ያስነሳሁት በአሮጌው መንገድ። በሁለተኛው ስገባ የምፈልገው ምርጫ መጣ። አቦሉ ሲቀዳ የጀመረው ጭነት በረካው ሳይደርስ አለቀ።

ዋይፋዩ አልሠራም፤ ካርዱ ብሮድኮም የሚባለው ሥሪት ነው። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቼ ኢንተርኔቱን አጋራሁትና የሚንት የድራይቨር ማስተዳደሪያ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም ራሱ አገኘለት። አማርኛ መጻፉም አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ቋንቋ መቀያየሪያ በኩል ቶሎ ተስተካከለ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዡዋል ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ግን ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኑ። ፎንቱን ከዊንዶውስ ገልብጬ ሳመጣው ፊደሉ ተመለሰ፣ የገጹ አሰላለፍ ግን አሁንም ይዛነፋል።

ያልጠበቅኩት ማግስቱን መጣ። ባለቤቴ ላፕቶፗን ከፍታ ሻይ ልታፈላ ሄደች፣ ስትመለስ የማታውቀው ስክሪን ተደቅኗል። «ኮምፒውተሬን የት አደረስከው?» ለካስ የማስነሻው ሜኑ አሥር ሰከንድ ጠብቆ ሰው ካልነካው በራሱ ወደ ሊኑክስ ይገባል። እሱን አስተካክዬ ሳልጨርስ ደግሞ ሰዓቱ። ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት ሆኖ ዊንዶውስ 6፡00 ይላል። ያቺን ስድስት ሰዓት ቀንሶ ማንበብ ለምደናል፤ ይሄኛው ግን ስትቀንስለት 12 ሰዓት ይሆናል፣ የፈረንጅም የእኛም አይደለም። ነገሩ ሊኑክስ በማሽኑ ውስጠኛ ሰዓት ላይ የግሪንዊችን ሲጽፍ፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአገሬው ሰዓት ብሎ ስለሚያነበው ነው፤ እኛ ግሪንዊችን የምንቀድመው በሦስት ሰዓት ነውና። ሊኑክስ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጽፍ በተርሚናል አንድ መስመር ትእዛዝ ሰጠሁት፣ በቃ።

በሜኑው ላይ ዊንዶውስን ቀዳሚ አደረግኩት፤ እሷ ምንም ሳትነካ ወደ ሥራዋ ትገባለች፣ እኔ በቀስቱ ሊኑክስን እመርጣለሁ። ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። ለዋይፋዩ ሁለት ሰዓት ስለፋ፣ ማግስቱን ማን እንደሚከፍታት ለአንድ ደቂቃ አላሰብኩም።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ካለ ማተሚያ ቤት ፍላሽ ይዛ መጣች። ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ ያቺ የምናውቃት ቫይረስ። በሊኑክስ ስከፍተው ዋናዎቹ ፋይሎች ስም በሌለው ማህደር ውስጥ ቁጭ ብለዋል። አወጣኋቸው፣ ሾርትከቶቹን ደመሰስኩ። አሁን ከውጭ ፍላሽ ስትቀበል «መጀመሪያ በአንተኛው ክፈትልኝ» ትላለች። ቀዳሚው ግን አሁንም ዊንዶውስ ነው።