ባዶ የተውኩት ሳጥን፦ የመጀመሪያ አልበማችንን ያወጣንበት መንገድ

አራት ሆነን የመሠረትነው የሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ለማውጣት ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ቀረጻው፣ ሚክሱና ማስተሪንጉ በሰላም አለቀ፤ የዜማና የግጥም ድርሻችንንም በአንድ ምሽት ተስማምተን ፈረምን። ያበላሸሁት ከቁም ነገር ያልቆጠርኩትን፣ ዜማዎቻችንን ወደ ኢንተርኔት የሙዚቃ ማድመጫዎች የሚያደርሰው አከፋፋይ የሚያስሞላውን ቅጽ ነው።

ከአልበሙ አስቀድመን ሦስት ነጠላ ዜማዎች ለቀን ነበር፤ አድማጮቻችንም የሚያውቁን በእነዚሁ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ፣ ማለትም የተቀረጸ ዜማ፣ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ አለው፤ መለያው የሚከተለው ቅጂውን እንጂ አከፋፋዩን አይደለም። ዜማው በአልበም ውስጥ ዳግም ሲወጣ የቀድሞ የመደመጥ ቁጥሩ የሚከተለው ይኸው መለያና ድምፁ አንድ ሲሆኑ ነው። እኛ ግን ለአልበሙ አከፋፋይ ቀይረን ነበርና፣ ቅጹ «መለያ ከሌለዎት እኛ እንሰጥዎታለን» ሲለኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋኝ ሳጥኑን ባዶውን ተውኩት።

አልበሙ በወጣበት ጠዋት ሦስቱ ዜማዎች እንደ አዲስ ከዜሮ ጀመሩ። ይባስ ብዬ፣ ድግግሞሹ አሳፍሮኝ፣ የቀድሞዎቹን ነጠላ ዜማዎች ከአሮጌው አከፋፋይ አስነሣኋቸው። ቁጥሩም፣ አድማጮች በየዝርዝራቸው ያኖሯቸው ዜማዎችም አብረው ጠፉ። ለአከፋፋዩ ብጽፍ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የመጣው መልስ ቀድሞ ያነበብኩትን የእገዛ ገጽ እንዳነብ የሚመክር ነበር፤ ሁለተኛው መልስ የሌላ ሰው ስም ይዞ ያንኑ ቃል በቃል ደገመልኝ። በመጨረሻ በወጣ ሥራ ላይ መለያ እንደማይቀይሩ፣ አልበሙን አንሥተን እንደገና መጫን እንዳለብን ነገሩን። በቀድሞዎቹ መለያዎች ጫንነው፤ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ተመለሰ፣ ከአድማጮች ዝርዝር የወጡት ዜማዎች ግን አልተመለሱም። ለባንዱ የመለያዎቹን ታሪክ ማስረዳት ሲገባኝ ሁለት ቀን ሙሉ «ሲስተሙ ነው» እያልኩ መዋሸቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅጹ ያንን ሳጥን «አማራጭ» ይለዋል፤ ቀድሞ ለወጣ ዜማ ግን ግዴታ ነው። በአልበሙ ዳግም የወጣው ዜማ የቀድሞውን ቁጥር ይዞ እስኪታይ ድረስ አሮጌውን ነጠላ ዜማ አትንኩ። የሙዚቃ ማድመጫው ስፖቲፋይ አዲስ ሥራ የዜማ ዝርዝሮቹን ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎቹ ለማቅረብ ከመውጫው ቀን ቢያንስ 7 ቀናት ቀድሞ እንዲገባ ይመክራል፤ እኔ ግን ሁለት ወር እላለሁ፤ የእኔ ዓይነት ስሕተት ማንም ሳያየው የሚታረመው በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነውና።