«ኩባንያችን» የምትለዋ ቃል

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ነው። የአንድ የመድን ኩባንያ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ስልካቸውን ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው ዘረጉለትና «ወንድምዓለም፣ ይቺን ነገር ዛሬውኑ አጥፋልኝ» አሉት። ስልኩ ላይ የተከፈተው በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ ኩባንያው የተጻፈው ገጽ ነበር። ከግርጌው አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ኩባንያው በጦርነቱ ንብረታቸው ለወደመባቸው የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ካሳ በመከልከሉ ይታወቃል።» በምንጭነት አንድ የጋዜጣ ዘገባ ተያይዟል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደሆኑ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ዓረፍተ ነገር አይደለም። መጋዘኑ የተዘረፈበት ነጋዴ ዛሬም እዚያው ከተማ አለ፤ የመድን ሠራተኛውም ሻይ የሚጠጣው ከእሱ ጋር ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ።

ያደረገውን በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል፤ የድርጅት ሠራተኛ በድርጅቱ ገጽ ላይ ሊሠራው የሚችለው ስህተት አብዛኛው በዚያ አንድ ቀን ተጠናቋል። 3 ሰዓት ላይ በኩባንያው ሙሉ ስም የተጠቃሚ ስም አወጣ። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘ፤ ለምን እንደሰረዘ ግን ለዚሁ በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ አንዲት ቃል አላሰፈረም። ከኩባንያው ድረ ገጽ «ስለ እኛ» ከሚለው ክፍል አራት አንቀጽ ገልብጦ ለጠፈ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የማያውቀው ሰው ገጹን ወደነበረበት መለሰው። ልጁ እንደገና ሰረዘ፤ ተመለሰ። ሰረዘ፤ ተመለሰ። 8 ሰዓት ላይ ለአራተኛ ጊዜ ሰረዘ። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መቀልበስ አይፈቀድለትም። አራተኛዋ ታሳግዳለች።

የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ታገደ። ከመቀልበሱም ሌላ ሁለት ምክንያት ተጽፎለታል። አንደኛው ስሙ ነው፦ የተጠቃሚ ስም የአንድን ሰው እንጂ የድርጅትን ስም መያዝ የለበትም። የግል ስም አስቀድሞ «የእገሌ ኩባንያ ባልደረባ» የሚል ማከል ይቻላል፤ ኩባንያው ራሱ ግን ጸሐፊ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው የተገለበጠው ጽሑፍ ነው። የድረ ገጹ ጽሑፍ የኩባንያው የቅጂ መብት ያለበት ነው፤ ዊኪፔዲያ ደግሞ ማንም ወስዶ፣ ቀይሮ፣ ለንግድም ጭምር ሊጠቀምበት በሚፈቅድ ነጻ ፈቃድ የሚታተም ስለሆነ ያለ ባለመብቱ መደበኛ ስምምነት እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቀበልም። ስምምነቱ ቢመጣም የማስታወቂያ ቃናው ያው ነው። በዚያ ላይ ከአራቱ አንቀጾች በሦስተኛው መሃል «ኩባንያችን» የምትል ቃል እንዳለች ቀርታ ነበር። ማን እንደጻፈው ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በማግስቱ አንድ አርታኢ ስለ ኩባንያው በቂ ገለልተኛ ዘገባ የለም ብሎ ገጹ ጭራሹኑ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ያለው ውይይት በተለመደው 7 ቀን ይቆያል። ወሬው ቢሮ ውስጥ ሲሰማ ስድስት ባልደረቦች በየስልካቸው ስም አውጥተው «ይቆይ» ብለው ጻፉ። ሁሉም ያው የቢሮው ዋይፋይ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ስማቸውን ያወጡት በዚያው ቀን ነው፤ ሁሉም ከዚያ በፊት አንድ መስመር አርመው አያውቁም። በውይይቱ የሚመዘነው ክርክር ነው እንጂ እጅ አይቆጠርም። ስድስቱም ድምፅ ወደ ጎን ተተወ፤ ይባስ ብሎ በአንድ ሰው ብዙ ስም የመጠቀም ጥርጣሬ አስከተለ። ለመርዳት የመጣ ሁሉ ነገሩን አከፋው።

የሐረጎን ተራራ ወርዳ ከደሴ የመጣችው የኩባንያው የአይቲ ባለሙያ ናት ያረጋጋችው። በግል ጊዜዋ ስለ ወሎ ታሪክ የዊኪፔዲያ ገጾችን የምታርም ሰው ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ እገዳው አልነበረም። «ጋዜጣውን እስከ መጨረሻው አነበባችሁት?» አለች። ማንም አላነበበውም። ዘገባው ሁለት ነጋዴዎች ካሳ አልተከፈለንም ማለታቸውን ይተርካል፤ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደግሞ ኩባንያው ለጋዜጣው የሰጠው መልስ አለ፦ የእሳት አደጋ ውላቸው የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም። መልሱ ከመጀመሪያውም በምንጩ ውስጥ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን የጨመረው ሰው ትቶታል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሳያየው ሰርዞታል።

ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሦስት ችግር ነበረበት፤ ሦስቱም የቃል ናቸው። «ይታወቃል» የሚለው ሁለት ሰዎች በአንድ ጋዜጣ ያሰሙትን ቅሬታ የኩባንያው መታወቂያ አደረገው። «ነጋዴዎች» ሲባል ስንት እንደሆኑ አይታይም፤ ከተማው ሁሉ ይመስላል። «ከለከለ» ደግሞ የሚገባውን ነሣ ማለት ነው፤ ይገባል አይገባም የሚለው ግን ጠቡ ራሱ ነው። ገለልተኛው ቃል «አልከፈለም» ነው። ተመሳሳይ ወጥመድ በኩባንያው በኩልም አለ፦ «አመነ» ብሎ መጻፍ ጥፋት እንዳለ መፍረድ ነው፣ «አስረዳ» ማለት ደግሞ ልክ ነው ብሎ መፍረድ ነው። «ተናገረ» ይበቃል።

ሥራ አስኪያጁ ሌላ መንገድ ነበራቸው። «የጦርነት አደጋ ለብቻው ካልተገዛ በስተቀር በመደበኛ የንብረት መድን እንደማይሸፈን ማንም የሙያው ሰው ያውቃል። የውሉን አንቀጽ ጠቅሰን ኩባንያው ትክክል ነበር ብለን እንጻፍ» አሉ። እውነታው ልክ ነው፤ አጻጻፉ ግን አይሠራም። አንድ ሰነድ እዚህ፣ አንድ ዘገባ እዚያ ወስዶ ሁለቱም ያላሉትን መደምደሚያ ማውጣት ዊኪፔዲያ ላይ የራስ ምርምር ይባላል፤ መደምደሚያው ትክክል ቢሆንም እንኳ አይገባም። ደምዳሚው የታተመ ገለልተኛ ምንጭ መሆን አለበት።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ የጥቅም ግጭት ደንቡም መነሻው ይኸው ነው። ደመወዝ እየተከፈለው በአለቃው ትእዛዝ የሚያርም ሠራተኛ እንደ ተከፋይ ጸሐፊ ይቆጠራል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የአጠቃቀም ውል እንዲህ ያለው ሰው ቀጣሪውን፣ ደንበኛውንና ሌላም ግንኙነት ካለው እሱን በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ካሳወቀ በኋላም ገጹን በእጁ ባይነካ ይመረጣል፤ የሚፈልገውን ለውጥ በውይይት ገጹ ላይ ይጠይቃል፣ ሌላ ሰው መርምሮ ያስገባዋል ወይም ይተወዋል።

ልጁ በኩባንያው ስም የወጣውን መለያ ትቶ በግል ስም እንዲቀጥል ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። በተጠቃሚ ገጹ ላይ ማን እንደሚከፍለው በሁለት መስመር ጻፈ። ስድስቱ ባልደረቦችም በውይይቱ ላይ ሠራተኞች መሆናቸውን አስታውቀው ወጡ። ገጹ ከመሰረዝ የዳነው ግን በይቅርታቸው አይደለም፤ ስለ ኩባንያው በስፋትና በራሳቸው ምርመራ የጻፉ ሁለት ገለልተኛ ዘገባዎች ስለተገኙ ነው። ሠራተኞቹ ያቀረቧቸው ዐሥራ አንድ ማስረጃዎች በሙሉ ውድቅ ሆነዋል፦ የቅርንጫፍ መከፈት ዜና፣ የካፒታል ማደግ ዜና፣ የሹመት ዜና፣ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ፣ ስፖንሰር የተደረገ የጋዜጣ ዓምድ። እነዚህ ወይ የተለመዱ የንግድ ዜናዎች ናቸው ወይ ኩባንያው በሌላ ሰው አፍ የተናገራቸው። የጋዜጣው ስም ትልቅ መሆኑ አይለውጣቸውም፤ ከኩባንያው የተላከ መግለጫ በትልቅ ጋዜጣ ቢወጣም መግለጫ ነው።

ከዚያ የለውጥ ጥያቄዎቹ ተዘጋጁ። ልጁ መጀመሪያ ያረቀቀው በኩባንያው አርማ የታተመ የሁለት ገጽ ደብዳቤ ነበር፤ የደሴዋ ባለሙያ ቀደደችው ማለት ይቻላል። በጎ ፈቃደኛ አርታኢ ደብዳቤ አያነብም። አንድ ጥያቄ ለአንድ ለውጥ፤ በውስጡም አራት ነገር ብቻ፦ አሁን ያለው ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ የሚተካው ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ ምንጩ ከነገጽ ቁጥሩ፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር። «ገጹ ትክክል አይደለምና ይስተካከል» የሚል ጥያቄ ሳይታይ ይዘጋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ቁጥሩ ነበር። ገጹ ኩባንያው የተመሠረተው በ1987 ነው ይላል፤ አንድ ሰው ከአማርኛ ሰነድ ሳይቀይር የወሰደው የእኛው 1987 ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ያ ዘመን ደግሞ ደርግ ነው። 13 የግል መድን ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ከቀረበት ጊዜ አንስቶ አዋጅ ቁጥር 86/1986 እስኪወጣ የግል መድን ኩባንያ በአገሩ አልነበረም። ሲቀየርም ወሩን ሳያውቁ አይሆንም፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7 ዓመት ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ 8። ኅዳር 1987 ማለት 1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ የካቲት 1987 ግን 1995። ወሩ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አይገኝም፤ ከኩባንያው የሥራ ፈቃድ ቀን ነው የሚወሰደው። የበጀት ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚሄድ የ2015 በጀት ዓመት በፈረንጅ «2022/23» ተብሎ መጻፍ አለበት፣ «2015» ወይም «2023» ተብሎ አይደለም።

ካፒታሉም ተምታቶ ነበር። ባለአክሲዮኖች ሊገዙ የፈረሙበትና በእርግጥ ከፍለው ያስገቡት አንድ አይደለም፤ የድርጅት ማስታወቂያ ትልቁን መርጦ «ካፒታላችን» ይለዋል። ገጹ ላይ «የተከፈለ» ወይም «የተፈረመ» የሚለው ቃል ከነቀኑ መኖር አለበት። የአረቦን ገቢም፣ ማለትም ደንበኞች ለመድኑ የሚከፍሉት፣ ጠቅላላው ነው ወይስ ለጠለፋ መድን ሰጪዎች (መድን ኩባንያው ራሱ መድን ለሚገባባቸው) የተላለፈው ተቀንሶ የቀረው ነው? ለእንዲህ ያለ ደረቅ ቁጥር የኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት በምንጭነት ይበቃል። «ግንባር ቀደም» እና «ተመራጭ» ለሚሉት ግን አይበቃም፤ ራሱን የሚያወድስ ምንጭ ነውና። በገበያው ስንተኛ እንደሆነ መጻፍ የፈለገ ደረጃውን ያወጣውን ገለልተኛ አካል፣ ዓመቱንና በምን እንደተለካ ይጥቀስ፤ «ግንባር ቀደም» የሚለው ቃል ያኔ አያስፈልግም።

እግረ መንገድ፣ ልጁ «እንግዲያው አማርኛው ላይ እንጻፈው፤ እዚያ ማንም አያግደንም» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፤ የአማርኛው ውክፔዲያ ጠባቂው ጥቂት ስለሆነ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ሊያሳፍር የሚገባውም ለዚሁ ነው። የኮምቦልቻ ነጋዴ የሚያነበው ያኛውን ነው።

አምስት ጥያቄ ቀረበ፤ መልስ ለማግኘት ስድስት ሳምንት ፈጀ። የምሥረታ ዓመቱና የተከፈለው ካፒታል እንደተጠየቀው ገቡ። «ደንበኛ ተኮር» የምትል ቃል ያለባት ጥያቄ በአንድ መስመር ውድቅ ሆነች። የቅሬታው ነገር ለብቻው አከራከረ። አንዱ አርታኢ የሁለት ሰዎች ቅሬታ አንድ ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ብቻ በኩባንያው ታሪክ ውስጥ ቦታ ሊይዝ አይገባም አለ። ክብደት አለው፤ ሙያውን ለሚያውቅ ሰውም ትክክለኛው አቋም ምናልባት ይሄኛው ነው። ግን ያንን ለማለት ሠራተኛው የመጨረሻው ሰው ነው፤ ዝም አለ። በመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩ፣ ወደ አማርኛና ወደ እኛው አቆጣጠር ሲመለስ፣ እንዲህ ሆኖ ጸደቀ፦ «በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ንብረታቸው የወደመባቸው ሁለት የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ኩባንያው ካሳ እንዳልከፈላቸው መናገራቸውን አንድ ጋዜጣ ዘግቧል፤ ኩባንያው በበኩሉ ውላቸው የጦርነት ጉዳትን እንደማይሸፍን ለዚያው ጋዜጣ ተናግሯል።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄማ ያኔም ያልነው ነው» አሉ፤ ስልካቸውንም ኪሳቸው ከተቱ።

አምስተኛው ጥያቄ የቅርንጫፍ ብዛት ነው። የተያያዘው ምንጭ ሁለት ዓመት ስላለፈው «በዚህ ቀን» የሚል ይጨመርበት ተብሎ ተመልሷል፤ ልጁ ቀኑን ከዓመታዊ ሪፖርቱ አውጥቶ አስገብቷል፣ ወረፋው ገና አልደረሰም።