ድንጋይ ከማንጠፌ በፊት ከእንጨቱ ወለል ጋር ያደረግኩት ትግል
መጀመሪያ ላይ ሃሳቤ ሁሉ የእብነ በረዱ ቀለም ላይ ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ስንት ዓመት ተመላልሰንበት ምንም አልሆነም፤ ማጣበቂያ አድርጌ ላንጥፍበት ብዬ ተነሳሁ። ደግነቱ ቀድሜ አንድ ነገር ሞከርኩ። ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ መሃል ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ተራመድኩ። ውሃው ተርገበገበ።

እንጨት ሲጫኑት ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። ድንጋይ ግን መጉበጥ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ለሴራሚክ የሚፈቀደው መጉበጥ ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚዎች በሁለት ድጋፍ መካከል ካላቸው ርዝመት 360ኛው ነው፤ ለተፈጥሮ ድንጋይ ግን 720ኛው፣ ማለትም ግማሹ። የእኔዎቹ 3.6 ሜትር ስለሆኑ ከ5 ሚሊሜትር በላይ መጉበጥ የለባቸውም ማለት ነው።

ስለዚህ ጣውላውን ነቅዬ ከስር ጀመርኩ። አንዱን አግዳሚ በካቻቢቴ ወጋ ባደርገው ሰተት ብሎ ገባ። ለካ ቧንቧ ሲያንጠባጥብበት ኖሯል። ቧንቧውን አስጠግኜ፣ የበሰበሰውን ቀየርኩና በእያንዳንዱ አግዳሚ ጎን ተመሳሳይ እንጨት በኮላና በብሎን አጣመርኩ።

ከዚያ ኮምፔልሳቶ፣ ለድንጋይ ሁለት ንብርብር። የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጫፍ ለጫፍ አጥብቄ ገጠምኳቸው፤ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ኮምፔልሳቶው አበጠና መገጣጠሚያው ላይ እንደ ጠባሳ ተነሳ። ፈትቼ እንደገና ስሠራ በየመገጣጠሚያው 3 ሚሊሜትር፣ በግድግዳው ዳር ደግሞ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ተውኩ። የላይኛው ንብርብር መገጣጠሚያ ከታችኛው ጋር አንድ መስመር ላይ እንዳይውል አዛነፍኩት። የላይኛውን ቪቴዎችም ታችኛውን ኮምፔልሳቶ ብቻ እንዲይዙ አድርጌ አሰርኳቸው፤ አግዳሚውን ከያዙ የእሱን እንቅስቃሴ በቀጥታ ወደ ላይ ያመጡታል።

ውሃ ልክ ሆነ ማለት ደግሞ ጠፍጣፋ ነው ማለት አይደለም። ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ወለሉ ላይ አጋድሜ ከወዲያኛው ጎን በባትሪ አበራሁ፤ ብርሃን ሾልኮ የታየበት ሁሉ የጎደጎደ ቦታ ነው። ለትልልቅ ድንጋይ በ3 ሜትር ውስጥ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት መኖር የለበትም። ጎድጓዳውን በወለል ማስተካከያ ሞላሁ፣ ጉብ ያለውን አሸሁ።

በመጨረሻ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ድንጋዩን ይዞት እንዳይሄድ መሃል ላይ ሜምብሬን የሚባለውን ሁለቱን የሚለያይ ስስ ንጣፍ አነጠፍኩ። ከስሩ ባዶ ቦታ እንዳይቀር እየተጫንኩ፣ ጥግ ጥጉን እየገለጥኩ ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ መያዙን አየሁ። አንዱ ጥግ ደረቅ ሆኖ ስላገኘሁት አንስቼ ደግሜ ለጠፍኩት።