በእንቅርት ላይ ቡና

በዚያ ግንቦት፣ አዲስ አበባ በሙቀት ስትጨነቅ፣ እኔ ቢሮ ውስጥ ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ እሠራ ነበር። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጸጉሬ በማበጠሪያው ተጠቅልሎ መውጣት ሲጀምር ግን ሳቁ ቀረ።

ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ሳልበላ መወፈር። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ደም ማነስ ነው» ብሎ አይረን ሰጠኝ። ደም ማነሱስ እውነት ነበር። አራት ወር ብውጥም ድካሙ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ አንገቴን ዳሰሰችና «እስቲ ምራቅሽን ዋጪ» አለችኝ። ከዚያ የቲኤስኤች ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ 38። የጤነኛ ሰው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው።

ቁጥሩን ሳይ ታይሮይዴ፣ አንገቴ ላይ ያለው ዕጢ፣ ከልክ በላይ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለች፣ አተር የምታህል ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሥራውን ሲሠራ እሷም ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ሲለግም ትጮኽበታለች። 38 ጩኸት ነው። ታይሮይድ ከምንበላው አዮዲን ወስዶ ቲ4 የሚባለውን ሆርሞን ይሠራል። አራት የአዮዲን አቶም ስላለው ነው ስሙ። ሰውነት አንዷን ይነቅልና ኃይለኛውን ቲ3 ያደርገዋል። የልብ ምቱም፣ ሙቀቱም፣ የአንጀቱም ፍጥነት በዚህ ነው የሚመራው። የኔ ጋቢ ምስጢሩ ይሄው ነበር።

እናቴ እንቅርት አለባት። «ከኔ ወረስሽው» ብላ አለቀሰች። እሷንም አስመረመርኳት፤ ሆርሞኗ ልክ ነው። እንቅርት የዕጢው ማበጥ ነው፤ ያበጠ ሁሉ ሆርሞኑ ተዛባ ማለት አይደለም። እሷ ያደገችው ጎጃም ደጋ ላይ ነው፤ አፈሩ አዮዲኑ ታጥቦ ያለቀ፣ አዮዲን ያለው ጨውም ያልነበረበት ዘመን። የኔው ሐሺሞቶ ነው። የገዛ ራሴ በሽታ መከላከያ ዕጢዬን ያጠቃዋል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1912 በሽታውን ከጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም ነው። ጨው ቢጨመርበት አይድንም። እናቴ ግን ዛሬም ጨው አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። «አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል እኮ» ስላት፣ «ቆሻሻውስ?» ትለኛለች።

የጎደለኝን ቲ4 የሚተካ ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ 50 ማይክሮግራም ጀመርኩ። በሳምንቱ ልመርመር ብዬ ለምኜ ነበር፤ ሐኪሟ እምቢ አለች። መድኃኒቱ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 7 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቢያንስ 6 ሳምንት መጠበቅ ነው። ጠበቅኩ። ቲኤስኤች 21። ክኒኑ ወደ 75 ከፍ አለልኝ። ቲኤስኤች 17።

«ጠዋት ከአልጋ ስትነሺ ጀምሮ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ጀበና እጥዳለሁ፤ በአቦሉ ክኒኑን እውጣለሁ፤ እንዳልረሳ አይረኑንም አብሬ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አለችና ሳቀች። ቡናው ክኒኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ አይረኑ ደግሞ አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ስንት ወር ሙሉ ግማሹን ለሽንት ቤት ስውጥ ኖሬአለሁ።

አዲሱ ሥርዓት ይሄ ሆነ፦ ክኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ፣ ቡናና ቁርስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አይረን ማታ። መጠኑ አልተነካም፤ ያው 75። ከ8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች 3.2።

ጾም ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም። የሐኪሟ መላ ማታ መውሰድ ነበር፤ ራት ከተበላ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ። አይረኑን ደግሞ ወደ ቀን፣ ከ9 ሰዓቱ ምሳ ጋር አዞርነው።

የጎረቤቴ ልጅ ችግሯ ተቃራኒው ነው። እየበላች ትከሳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይመታል፣ ዓይኗም ወጣ ብሏል። «ያው ታይሮይድ አይደል፣ ካንቺ ክኒን ስጪኝ» ብላኝ ታውቃለች። ክው አልኩ። የኔ ክኒን ለእሷ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለመክሳት ብለው የሚጠይቁኝም አልጠፉም፤ ልብ ይረብሻል፣ አልሰጥም።

የከበደኝ ያቺ አንድ ሰዓት ናት። ድሮ የተፈጨ ቡና ገዝቼ ነበር የማፈላው። አሁን ክኒኑን እውጥና ጥሬውን ቡና አጥባለሁ፣ እቆላለሁ፣ እወቅጣለሁ። አቦሉ ሲቀዳ ሰዓቱ ሞልቷል።