ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የምልከው መልእክት

ሰሞኑን አብሮ አደጌ ከአገር ቤት ደወለልኝ። ስለ ሥራ ተነሳና «ደክሞኛል» ብል፣ «አንተ ደግሞ! ቢሮ ቁጭ ብለህ ኮምፒውተር እያየህ ምን ይደክምሃል? አሁን እኮ አለቃ ነህ» አለኝ። ስልኩን ከዘጋን በኋላም ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። ያኔ ያልመለስኩለትን እዚህ ልጻፈው።

የምሠራው በአንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ነው። በተራ ፕሮግራመርነት ገብቼ ዛሬ አራት ቡድኖችን እመራለሁ። ጥርሴን ነክሼ ነው እዚህ የደረስኩት፤ እኮራበታለሁም። የስደተኛ ስሕተት እጥፍ ሆኖ ይቆጠራል ብዬ ስለማምን ቀድሜ ገብቼ መጨረሻ እወጣለሁ። የድርጅቱ ሲስተም ሌሊት ሥራ ሲያቆም፣ የሌሊት ተራዬ ባይሆንም የምነሳው እኔ ነበርኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለቡድኑ መልእክት እልክ ነበር። ትጋቴን የሚያዩልኝ ይመስለኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ሠራተኞች ስማቸውን ሳይጠቅሱ ስለ አለቃቸው አስተያየት ይጽፋሉ። ከኃላፊዬ ጋር ቁጭ ብለን ስናነብ እንዲህ የሚል አጋጠመኝ፦ «እሱ ስለማይተኛ እኛም አንተኛም። ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ ነው የማድረው። ሳናግረው ደግሞ ዓይኑ ስክሪን ላይ ነው።»

ጆሮዬ ጭው አለ። ኃላፊዬ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ዝም አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ «ማን ይሆን የጻፈው?» እያልኩ ፊት ሳነብ ሰነበትኩ። ከዚያ ገባኝ። ከሁሉም ፊት ላይ እንቅልፍ ማጣት ይነበብ ነበር። ማንኛቸውም ሊጽፉት ይችሉ ነበር።

ድርጅቱ ለኃላፊዎች ማይንድፉልነስ የሚሉትን የ8 ሳምንት ሥልጠና ይሰጣል። ጆን ካባት ዚን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች የጀመረው ነው። በእኛ ቋንቋ «ልብ ማለት» ብለው ይቀለኛል። ፈረንጅ መተንፈስንም በፕሮግራም ነው የሚይዘው፤ እኛ ደግሞ «ደክሞኛል» ያለን ሰው ሰነፍ እንላለን። የመጀመሪያው ቀን ስልካችንን ውጭ አስቀምጠን 10 ደቂቃ ዓይናችንን ጨፍነን ትንፋሻችንን እያዳመጥን ተቀመጥን። መንጋጋዬ ግጥም ብሎ ተነክሷል። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። እጄ ሁለት ጊዜ ባዶ ኪሴ ውስጥ ገባ። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖርኩ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሐሳብ ቢመጣልኝ እጽፈዋለሁ፤ የሚላከው ግን ጠዋት ነው። ተራዬ ካልሆነ ስልኬ ሌላ ክፍል ያድራል። ሰው ሊያነጋግረኝ ሲመጣ ላፕቶፔን እዘጋለሁ። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። አንድ ቀን አንዲት ልጅ የሳምንቱን ሥራ ነግራኝ ጨረሰች። ድሮ ቢሆን «በርቺ» ብዬ ወደ ስክሪኔ እመለስ ነበር። ዝም ብዬ ጠበቅኋት። «አንድ ነገር ልንገርህ?» አለች፤ በዚያው ሳምንት ልንለቀው የነበረው ሶፍትዌር የደንበኞችን መረጃ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ እንደሚጽፍ ጠርጥራለች። ልክ ነበረች። በ10 ሰከንድ ዝምታ ስንት ሌሊት እንደተረፈልን አስቡት።

ግን ትንፋሽ ማዳመጥ የሥራ ጫናን አያቀልም። ለሁለት ሰው ብቻ የሌሊት ተራ ሰጥቶ «ተረጋጉ» የሚል አለቃ ሰው እየጎዳ ነው። ሰው መጨመር ወይም ሥራ መቀነስ አለበት። እኔም ሁለት ፕሮጀክት አስቆምኩ፤ ከአስተዳደሩ ጋር ያጨቃጨቀኝም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት በ35 በመቶ ከፍ ይላል። «ኮምፒውተር እያየህ ምን ይደክምሃል» ላለኝ አብሮ አደጌ መልሱ ይኸው ነው።

በቴክኖሎጂ ሙያ ለመውጣት የምታስቡ ልጆች፣ ኮድ ላይ የምታጠፉትን ጊዜ አልነቅፍም፤ አጥኑ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ግን ስለ ደመወዝ ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ። የሌሊት ተረኞች ስንት ናችሁ? በወር ስንት ጊዜ ትቀሰቀሳላችሁ? አለቃችሁ መጨረሻ ፈቃድ የወጣው መቼ ነው? በሉ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት እርስ በርስ ከተያዩ ልብ በሉ።