ከሎቢ እስከ ሊፍት፦ ከእናቴ ጋር ላስ ቬጋስ

እናቴን ላስ ቬጋስ ልወስዳት ነው ስል ጓደኞቼ ደነገጡ። «ቁማር ቤት?» አሉኝ። እሷ ግን የቁማሩ ነገር ጉዳይዋም አልነበረም። እዚያ ያለውን የቤላጂዮ ሆቴል ፋውንቴን በቴሌቪዥን አይታለች። «ያ ውሃ በሙዚቃ ሲጨፍር ቆሜ ልየው» አለች። ለኔ ይሄ ከበቂ በላይ ነበር።

ሆቴል መምረጡ የኔ ሥራ ሆነ። ቀኑን በመምረጥ በኩል ጎበዝ ነበርኩ። መጀመሪያ ያሰብነው ጃንዋሪ መግቢያ ላይ ነበር። ዋጋውን ሳይ ግን ሰማይ ነክቷል። ለካ ሲኢኤስ የሚባለው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ አውደ ርዕይ በዚያ ሰሞን ነው፤ ከተማዋ በስብሰባ ሰው ትሞላለች። ወደ ማርች አዞርኩት። እሁድ ገብተን ሐሙስ እንድንወጣም አደረግሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ያው ክፍል ዋጋው ሌላ ነው። ክፍያውንም እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ። እዚያ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ «ሪዞርት ፊ» የሚሉት ነገር አለ። ገንዳውን ብትዋኝበትም ባትዋኝበትም በየቀኑ ትከፍላለህ፤ ብዙ ቦታ ወደ 50 ዶላር ይጠጋል፤ ግብር ደግሞ ከላዩ አለ። ድሮ ይህ የሚታየው መጨረሻ ገጽ ላይ ነበር። ከ2025 እ.ኤ.አ. ሜይ ወዲህ ግን የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ስለዚህ በገንዘቡ አልተታለልኩም። የተታለልኩት በሆቴሉ ፎቶ ነው።

ሎቢው ያምር ነበር። እብነ በረድ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ መብራት፣ ትኩስ አበባ። ስሙ የታወቀ፣ ስትሪፕ በሚባለው ዋና መንገድ ላይ ያለ ትልቅ ካዚኖ ሪዞርት ነው። ያዝኩት።

ከኤርፖርት የወሰደን ታክሲ ሾፌር ሐበሻ ነበር። ቬጋስ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ኤርፖርቱ ከስትሪፑ የደቂቃዎች መንገድ ስለሆነ ብዙም ሳንቆይ ትሮፒካና ሆቴል የነበረበትን ቦታ አሳየን። በ1957 ተከፍቶ በ2024 በፈንጂ ያፈረሱት ነው፤ አሁን የቤዝቦል ስታዲየም እየተሠራበት ነው። ከዚያ የሆቴላችንን ስም ስነግረው በመስታወቱ እናቴን አየት አደረጋት። «እማማ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል እንዴ?» አላት። ምርኩዟን አይቶ ነው። «ትንሽ ያስቸግረኛል ልጄ» አለችው። ዝም አለ። ስንወርድ ስልኩን ጽፎ ሰጠኝና፣ «ወንድሜ፣ ካልተስማማችሁ ደውልልኝ» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቁልፉን ከተቀበልኩ በኋላ ነው። ከሪሴፕሽኑ እስከ ሊፍቱ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። በካዚኖው መሐል ይጠማዘዛል። ስሎት በሚባሉት የቁማር ማሽኖች መካከል ወደ ግራ፣ ከዚያ ሩሌት በሚባለው የሚሽከረከር ጎማ ቁማር ጠረጴዛዎች ዙሪያ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ። ምንጣፉ ወፍራም ነው፤ የሻንጣ ጎማ ይይዛል። ሲጋራው ደግሞ አለ። ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት በ2006 በሕዝብ ድምፅ ሬስቶራንትና ሱቅ ውስጥ ማጨስን ከልክላለች፤ የካዚኖው የመጫወቻ ወለል ግን ከክልከላው ውጪ ነው። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ እንቢ አላት። ማረፊያ ወንበር ፈለግሁ። የለም። ወንበር ያለው ማሽኖቹ ፊት ብቻ ነው። እዚያ አስቀመጥኳት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሠራተኛ መጣና፣ ቦታው ለሚጫወቱ እንግዶች ነው አለን፤ በትሕትና ነው ያለው። እናቴ አልገባትም፤ ፈገግ ብላ አየችው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ክፍላችን ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አራት ደቂቃ!

«እማዬ፣ አመመሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። አልጋው ጥሩ ነው» አለች። እናቴን አውቃታለሁ። ስትጎዳ ነው አልጋ የምታደንቀው።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ። ሾፌሩ ሲመጣ ያለኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። «እዚህ አገር ሆቴል ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ከመኪና ወርጄ አልጋዬ ጋ ለመድረስ በካዚኖ ውስጥ ማለፍ አለብኝ ወይ የሚለው ነው።» ከዚያ ካዚኖ የሌላቸውን ሆቴሎች ነገረኝ። መኖራቸውን አላውቅም ነበር! ፎር ሲዝንስ ማንዳላይ ቤይ ሕንፃ ላይ፣ ከ35ኛ እስከ 39ኛ ፎቅ ነው፤ መግቢያው ግን የራሱ ነው። ፓርክ ኤምጂኤም ካዚኖ ቢኖረውም ከ2020 ጀምሮ ማጨስ ክልክል ነው፤ ስትሪፑ ላይ በዚህ የመጀመሪያው ነው። ቪዳራ ደግሞ በ2009 የተከፈተ፣ ባለ 57 ፎቅ፣ ካዚኖም ሲጋራም የሌለበት፣ ከቤላጂዮ ጀርባ ያለ ሆቴል ነው። ለኛ ይሄ መጣልን።

የመጀመሪያው ሆቴል የአንዱን ሌሊት ሒሳብ አስቀረብን። ይህን ተቀብያለሁ። ለመያዣ ብለው ካርዴ ላይ የያዙት ብር ግን እስኪለቀቅ ቀናት ፈጀ። ካርድ ላይ ጠበብ ያለ ገንዘብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድማችሁ ስንት እንደሚይዙ ጠይቁ።

ቪዳራ በሩ ላይ ስንወርድ ጸጥታው አስደነገጠኝ። ደወል የለ፣ ጩኸት የለ። ሪሴፕሽን፣ ትንሽ እርምጃ፣ ሊፍት። ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ኩሽና ነበረው፤ እናቴ ማታ ማታ የራሷን ሻይ አፈላች። ሪዞርት ፊ እዚህም አለ፤ እሱን ማምለጥ አልቻልንም። ግን ካዚኖው ሲያምርህ ሄደህ የምታየው እንጂ በየዕለቱ የምታቋርጠው አይደለም። ለኔ ልዩነቱ ይኼ ነው። ቤላጂዮ ጎረቤት ነው፤ ከዚያም እስከ ፓርክ ኤምጂኤም በነጻ የሚያደርስ ትራም አለ። እሱን ያዙ። ስትሪፑ ላይ «ያው እዚያ ይታያል» ብላችሁ በእግር እንዳትነሱ። ሕንፃዎቹ በጣም ትልልቅ ስለሆኑ ቅርብ ይመስላሉ እንጂ፣ ሆቴል ከሆቴል ያለው መንገድ ድልድይ ወጥቶ ድልድይ መውረድ ነው።

ካዚኖውን እኔም ገብቼ አይቻለሁ፤ እናቴ ከሰዓት ስትተኛ። ለመጫወት ያሰበ ሰው ሆቴል ሲመርጥ ጠረጴዛውንም ይመልከት። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ «3 ለ 2» ወይም «6 ለ 5» ተብሎ ተጽፏል። ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21) ሲመጣልህ 10 ዶላር ያስያዝክበት እጅ በመጀመሪያው 15፣ በሁለተኛው 12 ይከፍልሃል። ሩሌቱም ባለ አንድ ዜሮና ባለ ሁለት ዜሮ አለው። በባለ አንዱ ካዚኖው ካስያዝከው የሚያስቀረው በአማካይ 2.7 በመቶ፣ በባለ ሁለቱ 5.26 ነው። እኔ ያስያዝኩት 40 ዶላር ነበር፤ ሲያልቅ ወጣሁ።

ፋውንቴኑ ማታ ማታ በየ15 ደቂቃው ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ከሐይቁ ዳር ያለውን አጥር በሁለት እጇ ይዛ አየች። መብራቱ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ ውሃው ከጨለማው ውስጥ ተስፈንጥሮ ወጣ። ጠብታው ፊቷ ላይ አረፈ፤ አልጠረገችውም። «አላለቀም አይደል?» አለችኝ። ሌላ 15 ደቂቃ ቆምን። ከዚያም ሌላ። ጉልበቷን ጠየቅኳት፤ አልሰማችኝም። በየምሽቱ ተመለስን። መቆም የከበዳት ቀን ቶሎ ገብተን ማረፍ መቻላችን ነው ይህን ሁሉ ያስቻለን።

ሐሙስ ጠዋት ስንወጣ ከክፍላችን በር እስከ ታክሲው ያለውን ሰዓት ያዝኩ። አራት ደቂቃ። ቀና ስል እናቴ ቀድማኝ መኪናው ውስጥ ገብታለች፤ ከዚያው ሾፌር ጋር ስለ ልጆቹ ታወራለች።